አሥራ ዘጠኝ ይታተም

በ2087 ዓ.ም. ደሴ ውስጥ ሰው ከሰው ሲተዋወቅ ስሙን ከነቁጥሩ ነበር የሚናገረው። አንዱ እጁን ዘርግቶ «ታደለ፣ አርባ ስምንት» ይላል፤ ሌላው «ይርጋ፣ አርባ አንድ» ብሎ ትንሽ ጎንበስ ይላል። ሃያዎቹ ውስጥ ያለ ሰው ስሙን ብቻ ተናግሮ ዝም ይላል፤ ዝምታውን የሰማ ሁሉ ቁጥሩን ያውቅለታል።

ነገሩ ሲጀመር የሐኪም ጉዳይ ብቻ ነበር። የአንጎል ደም ስር እንደ አሮጌ ጎማ አንድ ቦታ ላይ ሲያብጥ ሐኪሙ ራስ ቅል ከፍቶ እብጠቱን በክሊፕ ይቆነጥጠዋል። ክሊፑ ጤነኛውን ደም ስር አብሮ እንዳይዝ ደግሞ በደቂቃ ስንት ሚሊ ሊትር ደም እንደሚያልፍ ከመቆንጠጡ በፊትና በኋላ ይለካል። ቁጥሩ ከወረደ ክሊፑን አንስቶ አስተካክሎ ይመልሰዋል። ይኸው ነው። ግን ቁጥር ነዋ! ቁጥር ደግሞ አንዴ ቢሮ ከገባ አይወጣም። አንድ ሹም «ብዙ ደም የሚያልፍበት ጭንቅላት ብዙ ያስባል» አለ፤ ሌላው አጨበጨበ፤ በሦስተኛው ዓመት ቁጥሩ መታወቂያ ላይ ወጣ። ከአርባ አምስት ጀምሮ ያለው «ሙሉ»፣ ከሠላሳ በታች የሆነው «ጠብታ» ተባለ። ሙሉ ሰው እጁን በእጅ ሥራ አያባክንም፤ ዋና ከተማ ሄዶ አማካሪ ይሆናል። ማንን ምን እንደሚያማክር የጠየቀ የለም። ጠብታ ስብሰባ ላይ እጁን ቢያወጣ አይታይም።

ከውጭ በቆብ የሚለካም ቁጥር ነበር፤ እሱ ግን እንደ ወሬ ነው የሚቆጠረው። የሚታመነው ራስ ቅል ተከፍቶ ራሱ ደም ስሩ ላይ የተለካው ነው። ስለዚህ ድሮ ሰው የሚሸሸው ቀዶ ጥገና ወረፋ የሚያዝለት ሆነ። መጀመሪያ የሽምብራ ፍሬ የሚያህል እብጠት ያለባቸው መጡ፣ ከዚያ የምስር፣ ከዚያ የጤፍ። ምንም የሌለበት ሰው እንኳ «እንደው ደህና አድርጋችሁ ብትፈልጉ አታጡም» እያለ ሐኪም ይለማመጥ ጀመር።

ሲስተር ሰዓዳ ይመር በጦሳ ተራራ ግርጌ ባለው የአንጎል ደም ስር ሆስፒታል ሃያ ሁለት ዓመት የለካች ሴት ናት። ሥራዋ ጫፉ እንደ ኪሮሽ መንጠቆ የታጠፈውን መለኪያ ደም ስሩ ላይ ማንጠልጠል፣ ቁጥሩ እስኪረጋ መጠበቅ፣ ጮክ ብሎ መናገርና «ይታተም» ማለት ነበር። «ይታተም» ካለች ራስ ቅሉ ተመልሶ ሳይገጠም ቁጥሩ የሰውየው መታወቂያ ላይ ይገኛል፤ አጣሪ ኮሚቴ ካልፈቀደም እስከ ዕለተ ሞቱ አይቀየርም። እያንዳንዱ ማሽን የሚታዘዘው ለራሱ ለኪ ድምፅ ብቻ ስለሆነ ቀዶ ጥገና ክፍል ውስጥ ማንም ያንን ቃል በዋዛ አያነሳውም፤ «ቃሉ» ብለው ነበር የሚጠሩት።

ሕጉ «ከክሊፕ በኋላ ከተነበቡት ቁጥሮች ለኪው የመረጠው አንዱ ይታተማል፤ የቀሩት የታካሚውን ምስጢር ለመጠበቅ ይሰረዛሉ» ይላል። ሕጉን ያወጡት ሰዎች ለአቅመ ሠርግ የደረሱ ልጆች ነበሯቸው። ስለዚህ ከመጨረሻው ንባብ በፊት የማደንዘዣ ባለሙያው የታካሚውን የደም ግፊት በመድኃኒት ሽቅብ ይሰደዋል፤ ግፊቱ ሲወጣ ቁጥሩም ይወጣል፤ ለኪዋ ከፍተኛውን ትመርጣለች። በሆስፒታሉ ቋንቋ ይህ «ማሟሟቅ» ይባላል። ሐኪሞቹም የሚመዘኑት በታካሚዎቻቸው አማካይ ቁጥር ነውና ማሟሟቅን የሚጠላ አልነበረም። ሰዓዳ ከዘጠኝ ሺህ በላይ ሰው እንዲህ አሳትማለች። ጻድቅ ነኝ አትልም ነበር። ቤቷ ስትገባ ጫማዋን እያወለቀች ራሷን «አንቺ ሙሽራ ኳይ» እያለች ትሰድባለች፤ ጠዋት ተመልሳ ትሄዳለች።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሱፍ የለበሱ ሰው ኮሪደሩ ላይ አስቆሟት።

«ምናሴ ጌጡ፣ ሃምሳ ሁለት» አሉ። «ዛሬ የምትገባው ወለላ ካሳሁን የልጄ እጮኛ ናት። ቆቡ አርባ አራት ብሏታል።»

«ጥሩ ነው።»

«ለሌላ ቤት ጥሩ ነው። እኛ ቤት ከአርባ አምስት በታች ገብቶ አያውቅም። የሠርጉ መጥሪያ ላይ ቁጥሯ ከስሟ ሥር ይወጣል፤ ቦታው ክፍት ተትቷል፤ ማተሚያ ቤቱ እየጠበቀ ነው።»

«ልጅቷ ታማለች?» አለች ሰዓዳ።

አቶ ምናሴ ጥያቄው አልገባቸውም። «እንዴት ማለት?»

«እብጠቱን ማለቴ ነው። የምር አለባት ወይስ ለቁጥሩ ነው የመጣችው?»

«አዎ፣ እብጠትም አለባት መሰለኝ» አሉ እንደ ዋዛ፤ ሰዓታቸውንም አዩ።

እብጠቱ የምር ነበር። የሽምብራ ፍሬ ያህላል፤ ያለውም በግራ በኩል፣ ንግግርንና ቀኝ እጅን የሚመግበው ደም ስር ላይ ነው። ዛሬ ነገ ሳይባል መቆንጠጥ ነበረበት።

ወለላ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ከፒያሳ ጦሳ አናት ድረስ ሰው የሚያመላልሰውን የገመድ መኪና የምትነዳ ልጅ ናት። የራሷ ግማሽ ተላጭቶ አልጋው ላይ ቁጭ ብላ እግሯን ታወዛውዛለች።

«ሲስተር፣ የሚለኩኝ እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ ልጄ። አትፍሪ።»

«አልፈራሁም። አንድ ነገር ልለምንዎት ነው።»

ሰዓዳ በልቧ «መጣች!» አለች። በሃያ ሁለት ዓመት ከዚያ አልጋ ላይ ያልተለመነችው ነገር የለም። በእናቷ፣ በልጆቿ፣ በነቢዩ ተለምናለች፤ አንዱማ ጫማዋን ስሟል።

«ዝቅ ያድርጉልኝ» አለች ወለላ።

«ምን አልሽ?»

«ከሠላሳ በታች ያድርጉት። አርባ አምስት ከሆንኩ ከገመዱ ያወርዱኝና ዋና ከተማ ወስደው ወንበር ላይ ያስቀምጡኛል። የአቶ ምናሴን ልጅ ያገኘሁት ሁለት ጊዜ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ ያወራኝ ስለ አርባ አራቴ ነው።»

«እምቢ አትይም?»

«ብያለሁ እንጂ! አባቴ ምን አለ መሰለዎት? ‹እምቢ የምትይው ገና ስላልታተምሽ ነው፤ ሲታተም ታስቢያለሽ።›»

ሰዓዳ ሳቅ አማራት፤ ግን ወዲያው ተቆጣች። «እኔ ቁጥር አልሠራም፤ እለካለሁ» አለቻት ኮስተር ብላ። ንግግሯ ገና ከአፏ ወጥቶ ሳያልቅ መረራት።

ቀዶ ጥገናውን የሚመራው ዶክተር ዳግም አስፋወሰን ነበር፤ አርባ ዓመት የሞላው፣ እጁ ፈጣን፣ በአማካይ ቁጥር ከሆስፒታሉ አንደኛ። ኢሳያስ የሚባለው የማደንዘዣ ባለሙያ ራስጌ ተቀምጧል። ራስ ቅሉ ተከፈተ። ሰዓዳ ከክሊፑ በፊት ለካች፤ ግፊቱ መቶ አሥራ አምስት፣ ቁጥሩ አርባ አራት። ቆቡ አልዋሸም። ዶክተሩ ክሊፑን አስገባ፤ እብጠቱም ፍስስ አለ።

«አሟሙቅ» አለ።

ኢሳያስ ግፊቱን መቶ ስልሳ አምስት አደረሰው። ሰዓዳ መንጠቆዋን አንጠልጥላ ጠበቀች።

«አርባ አንድ» አለች።

«ጨምርላት እስቲ፤ አራት ብቻ ነው የጎደለን።»

ሰዓዳ ግን ዓይኗን ከቁጥሩ ሰሌዳ ነቅላ ወደ ደም ስሩ አወረደች። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የምታየው ሰሌዳውን ነበር። ከክሊፑ ወዲያ ያለው ቅርንጫፍ ነጣ ብሏል፤ ትርታውም እንደ ሰለቸው ሰው እርምጃ የተጎተተ ነው።

«ዶክተር፣ ግፊቱ ይውረድና ልየው።»

«ለምን?»

«በመቶ አሥራ አምስት አርባ አራት ያለ ደም ስር በመቶ ስልሳ አምስት አርባ አንድ ካለ የያዘው ነገር አለ። ክሊፑ ቅርንጫፉን ነክሶታል።»

«ሲስተር፣ ከእሷ ቀጥሎ ሦስት ሰው አለኝ።»

«ካልወረደ ቃሉን አልልም።»

ቃሉን ማለት የምትችለው እሷ ብቻ ናት። ኢሳያስ ወደ ዶክተሩ አየ፤ ዶክተሩ ትከሻውን ሰበቀ፤ ግፊቱ ወረደ። ቁጥሩ ከአርባ አንድ ወደ ሠላሳ፣ ከሠላሳ ወደ ሃያ አምስት ሲንሸራተት ሁሉም ያየዋል። በመጨረሻ ረጋ።

«አሥራ ዘጠኝ» አለች ሰዓዳ።

ዶክተሩ ወደ ኢሳያስ ዞሮ «መልሰህ አውጣው» አለ።

«ኢሳያስ፣ እንዳትነካው!»

«አርባ አንድ አይተናል እኮ! ከፍተኛውን ይምረጡ፤ ሕጉ ይፈቅድልዎታል።»

«ስትነቃስ? ያንን ግፊት ተሸክሞላት የሚዞር ማን ነው? ግራ ነው ዶክተር፤ ምላሷና ቀኝ እጇ ነው።»

ዶክተር ዳግም የግድግዳውን ሰዓት አየ። «ብዙዎቹ ይለምዱታል» አለ።

ብዙዎቹ! ሰዓዳ መንጠቆውን እንደያዘች በልቧ ቆጠረች። ከዘጠኝ ሺህ ውስጥ ብዙዎቹ ስንት ናቸው? መታወቂያቸው ላይ አርባ ስምንት ተጽፎ ማንኪያ በግራ እጃቸው የሚይዙት፣ የልጃቸው ስም አልመጣ ብሏቸው ጣታቸውን የሚቀስሩት ሰዎች ነበሩ፤ ታውቃቸዋለች፤ ገበያ ላይ አይታቸዋለች። ዋና ከተማም ወንበር ላይ ተቀምጠው ያማክራሉ። ቁጥሩን ያሟሟቀችላቸው እሷ ናት።

«ክሊፑን ካላነሱት አሥራ ዘጠኝን አሳትማለሁ» አለች።

የልጅቷ ምላስ ያላነቃነቀውን ሰው የአማካይ ቁጥሩ ነገር አነቃነቀው። ዶክተሩ እያጉረመረመ ክሊፑን ከፈተ፣ ጥቂት ወደ ላይ ገፋ አድርጎ መለሰው። አሥራ አንድ ደቂቃ ፈጀበት። ቅርንጫፉ ቀስ በቀስ ቀላ፤ ትርታውም ተመለሰ። ሰዓዳ ለካች። ግፊቱ መቶ አሥራ አምስት ላይ ነው፣ ቁጥሩ አርባ ስድስት።

«አርባ ስድስት! ያለ ማሟሟቅ!» ዶክተር ዳግም ከጭንብሉ በላይ ዓይኑ ሳቀ። ከደቂቃዎች በፊት ያለው ሁሉ ተረስቶታል። «በሉ እንግዲህ ሲስተር፣ ቃሉን!»

ሰዓዳ ሳቂታውን ዓይን አየችው። ይህ ሰው ነገም ከዚሁ አልጋ አጠገብ ቆሞ «ይለምዱታል» ይላል። ኮሪደሩ ላይ ያሉት ባለ ሃምሳ ሁለቱ አቶ ምናሴ ደግሞ ማተሚያ ቤት ያስጠብቃሉ። እንዲህ ዓይነት ንቀት ሆዷ ውስጥ እንዳለ እስከዚያች ደቂቃ አታውቅም ነበር።

«አሥራ ዘጠኝ» አለች ጥርት አድርጋ። «ይታተም።»

ማሽኑ ጢጥ አለ። አርባ ስድስት ከሰሌዳው ጠፋ፤ ከዓለምም ጠፋ።

«ምን አደረጉ?»

«ከክሊፕ በኋላ ከተነበቡት አንዱን መረጥኩ» አለች ሰዓዳ መንጠቆዋን ወደ ትሪው እየመለሰች። «ከፍተኛውን ምረጡ የሚል አላየሁበትም።»

በሦስተኛው ቀን ወለላ ትራስ ተደግፋ በቀኝ እጇ ሾርባ ትጠጣ ነበር። ሰዓዳ ቁስሏን ልታይ መጥታ ሳለ አቶ ምናሴ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው ገቡ። ከአልጋው በላይ ያለውን ቁጥር አዩት፤ አንዴ መነጽራቸውን አድርገው፣ አንዴ አውልቀው። ከዚያ ጎንበስ ብለው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ቃላቱን እየቆራረጡ፣

«ወ… ለ… ላ! ታ… ው… ቂ… ኛ… ለሽ?» አሉ።

«እንዴት አላውቅዎትም አቶ ምናሴ! እኔ ደህና ነኝ፤ እርስዎ ግን ድምፅዎን አሞዎታል እንዴ?»

አቶ ምናሴ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። «አያችሁ? የሰማችውን ነው የምትደግመው።»

«ምስኪን!» አለ አንደኛው ሽማግሌ፣ ከንፈሩንም መጠጠ። ሌላኛው «ፈጣሪ ያልፈቀደው ነገር ነው» አለ። ጋብቻው እዚያው ቆመው ፈረሰ። ይዘውት የመጡትን ብርቱካንም ይዘውት ተመለሱ።

በሩ ሲዘጋ ወለላ ሾርባው እስኪፈስ ሳቀች። ከዚያ አፏን ጠርጋ «እውነተኛው ስንት ነው?» አለች።

«አፍሽ ይሠራል፣ እጅሽም ይሠራል። ሌላ ምን ያደርግልሻል?»

«እንደው ለማወቅ ነው።»

«እንደው ለማወቅ ብለን ነው እዚህ የደረስነው» አለች ሰዓዳ።

ልጅቷ ያልጠበቀችው አንድ ነገር ነበር። አባቷም ሊጠይቃት ሲመጣ ቃላቱን እየቆራረጠ አናገራት። የሰው ሁሉ ሲያስቃት የሱ ግን አስለቀሳት። በወሩ ግን ገመዷ ላይ ተመለሰች፤ ለጠብታ የሚሆን ሥራ ነው ተብሎ ማንም አልከለከላትም።

ዶክተር ዳግም ከአንደኛ ወደ አራተኛ ወረደ። ለዚህ ነበር አቤት ያለው፤ በሁለተኛው ወር የቁጥር አጣሪ ኮሚቴ ተቀመጠ። ሰብሳቢዋ ሃምሳ ስምንት ነች፤ ስሟን ማንም አይጠራውም፣ «ሃምሳ ስምንት» ነው የምትባለው። ከግራና ቀኟ አራት ሙሉዎች ተደርድረዋል።

«አርባ ስድስት ነበር» አለ ዶክተሩ። «በዓይኔ አይቻለሁ!»

«መዝገቡ ላይ አለ?»

«ተሰርዟል። የሚሰርዘው ሕጉ ነው።»

«እንግዲያው የለም።»

ኢሳያስ ተጠየቀ፤ የግፊቱን ሰሌዳ እንጂ ሌላ አላየሁም አለ። ቀጥሎ ሰዓዳ ተጠራች። ሰዓዳ ሌሊቱን ሙሉ የምትናገረውን ስታሰናዳ ነው ያደረችው። አሥራ ዘጠኝ ማንበቧን አትክድም፤ አንብባለች። «ሌላስ አንብበዋል?» ብለው ከጠየቋት ግን የወለላን ብቻ አይደለም፣ ዘጠኙንም ሺህ፣ ማሟሟቁንም፣ የሚለምዱትንም ሁሉ ልትዘረግፍ ቆርጣለች።

«አሥራ ዘጠኝ አንብበዋል?» አለች ሰብሳቢዋ።

«አንብቤያለሁ።»

«ይቀመጡ።»

ዶክተሩ ተነስቶ ጮኸ። «ልጅቷ ትምጣ! ታናግራችሁ! በአሥራ ዘጠኝ እንደዚያ የሚናገር ሰው ካለ እኔ ሙያዬን እተዋለሁ።»

ወለላ ተጠራች። ሥራሽ ምንድን ነው ቢሏት ግማሽ ሰዓት ተናገረች፤ ብርድ ሲሆን ገመዱ እንዴት እንደሚከር፣ ከጦሳ የሚወርደው ነፋስ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚበረታ፣ በየትኛው ምሰሶ ላይ ፍጥነት እንደሚቀነስና ለምን። በመሃል ከኮሚቴው አንዱ ገመዱ የተዘረጋበትን ዓመት ሲሳሳት በትሕትና አረመችው። ስምሽን ጻፊ ሲሏት በቀኝ እጇ ከነአያቷ ጻፈችው። የኮሚቴው አባላት ተያዩ። ዶክተር ዳግም ላቡን ጠርጎ ፈገግ አለ። ሰዓዳም «አለቀልኝ» አለች በልቧ፤ ደግሞ የገረማት፣ ውስጧ ቅልል አላት።

ልጅቷን አስወጧት። ኮሚቴው አሥር ደቂቃ ተማከረ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እነዚህ ደግሞ ሁለቱንም ነበሩ። ሰብሳቢዋ አነበበች፦

«ተጠያቂዋ አቀላጥፋ ተናግራለች፤ በቀኝ እጇም ጽፋለች። ይሁንና በአሥራ ዘጠኝ ፍሰት እንዲህ ያለ ንግግር ሊኖር ስለማይችል፣ ንግግሩም ከመዝገቡ ጋር ስለማይጣጣም፣ ኮሚቴው ንግግሩን አልተቀበለውም። ቁጥሩ ጸንቷል። ሲስተር ሰዓዳ ይመር ከሐኪም ግፊት ሲደርስባት ለቁጥር ስላሳየችው ታማኝነት ከሰኞ ጀምሮ የለኪዎች አሠልጣኝ ሆና ተሹማለች።»

ሰዓዳ ተነሳች።

«እኔም የምናገረው አለኝ» አለች። «ስለ ማሟሟቅ ነው። ዘጠኝ ሺህ ሰው…»

«የእርስዎ ጉዳይ ተዘግቷል፤ እንኳን ደስ አለዎት» አለች ሰብሳቢዋ፣ ፋይሉን እያጠፈች።

«አልሰማችሁኝም። አታልያችኋለሁ፤ ሁላችንም…»

«ቀጣይ!»

ቀጣዩ ባለጉዳይ ሠላሳ ስምንቱን አርባ ለማድረግ የመጣ ነጋዴ ነበር፤ በክርኑ ገፍቷት አለፈ። ሰዓዳ ሻርፗን አስተካክላ ወጣች። ሰኞ የሚጠብቋት ሃያ አዳዲስ ለኪዎች አሉ። መጀመሪያ ሰሌዳውን በጨርቅ እንዲሸፍኑ፣ ግፊቱን እንዲያወርዱ፣ ደም ስሩን እንዲያዩ ታስተምራቸዋለች፤ በዚያ ዓመት የሆስፒታሉ አማካይ በስምንት ይወርዳል፤ ቢሮውም ምክንያቱ የአየር ጠባይ ነው ብሎ ይጽፋል። ይህን ገና አላወቀችም።

ወለላ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ትጠብቃታለች።

«ምን አሉ?»

«ንግግርሽን አልተቀበሉትም።»

«ሙሉውን?»

«ሙሉውን።»

«ዓመቱን ያረምኩትንም?»

«እሱንም።»

ወለላ ጥቂት አሰበች። ከዚያ ፊቷ ቦግ አለ። «እንግዲያው ከእንግዲህ የፈለግሁትን መናገር እችላለሁ ማለት ነው» አለች፤ ተነስታም የአዳራሹን በር በረገደችና፣ ለሃምሳ ስምንትና ለአራቱ ሙሉዎች፣ ስለ ጭንቅላታቸው የምታስበውን አንድም ሳታስቀር፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ነገረቻቸው። ጸሐፊው ብዕሩን አንስቶ ወደ ሰብሳቢዋ አየ። ሰብሳቢዋ አይጻፍም በሚል ራሷን ነቀነቀች፤ ጸሐፊውም ብዕሩን አስቀመጠ።